ለፈረስ የተቆጠረ ሰባት ቤት

እሁድ

ዛሬም አልቆጠረም።

ልጄ ሽራ ከሥራ ስትወጣ ደወለች። የምትጠይቀኝ በዕብራይስጥ ነው፤ ጥያቄዋ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አባ ቆጠረ ወይ? ነገ ይቆጥራል አልኳት። ነገ ይቆጥራል ማለት ከጀመርኩ ፋሲካ ገብቶ ወጥቷል።

ንዴቴ ወረቀት ላይ ካልወጣ ድስት ላይ ስለሚወጣ ልጻፈው። ባሌ እንዳላማው ሰባት ቤት ቆጣሪ ነው። በኛ ዘንድ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። ልጆች ሲፈላለጉ የሁለቱም ወገን እስከ ሰባተኛው ቅድመ አያት ይቆጠራል፤ አንድ ስም ከሁለቱም ወገን ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። በየከተማው ያሉ ወገኖቻችን ከረሆቦት ይደውሉለታል፣ ከአሽዶድ ይደውሉለታል። ቀን ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ማታ ስልኩን ይዞ፣ የአባትህ አባት ማን ይባላል፣ የሱስ እናት ከየት ናት እያለ የሙታን ስም ሲጠራ ያመሻል። ንጹሕ ነው ካለ ድግስ ይደገሳል። አይሆንም ካለ እናቶች ያለቅሳሉ፤ የተከራከረው ሰው ግን አላየሁም።

ሽራ የፈለገችው ልጅ ዮናታን ይባላል። ናታንያ ያደገ፣ ወገኑ ከተከዜ ማዶ፣ ከትግራይ ነው። አማርኛውም ትግርኛውም ዕብራይስጡም አይቸግረውም፤ ከኔ ልጅ ይልቅ እሱ ያወራኛል። አያቱ የወገኑን ስም አንድ በአንድ ለእንዳላማው በስልክ የነገሩት ከፋሲካ በፊት ነው። የቀረው ቁጭ ብሎ መቁጠር ብቻ ነው።

እና ምን እየሠራ ነው? ፈረስ እየቆጠረ ነው።

ቅዳሜ በእንግሊዝ አገር ትልቅ የፈረስ ውድድር አለ፤ አጥር እየዘለሉ የሚሮጡበት። መኽሳኑ ውስጥ፣ ዕቃ ማከማቻው ማለቴ ነው፣ አብረውት የሚሠሩት በስልክ ገንዘብ ያስይዛሉ። ድሮ በየኪዮስኩ በማሽን ነበር፤ መንግሥት ከለከለ፤ አሁን ሁሉም በየኪሱ ይዞት ይዞራል። የተፈቀደ ይሁን የተከለከለ አልጠየቅኩም፤ መልሱን ስለማውቀው ይመስለኛል። አንዱ ቀልደኛ፣ የሰው ዘር የምትቆጥር ለምን የፈረስ አትቆጥርልንም ብሎ ለከፈው። ሌላ ሰው ስቆ ያልፋል። የኔው ጉድ የምር አደረገው።

የነዚያ ፈረሶች አባትና እናት በስልክ ላይ ተጽፏል። ከኛ ዘር የነሱ በደንብ ተይዟል። ሠላሳ ምናምን ፈረስ ነው፤ እያንዳንዱን ሰባት ቤት ሊቆጥር ነው። እራት ላይ ፊቱን አኮሳትሮ፣ እነዚህ ሰዎች ነውር የላቸውም፣ የልጅ ልጁን ከአያቱ ያዳቅላሉ ይለኛል። ወጡን ጨለፍኩለት።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይባላል። ለእንግሊዝ ፈረስ አልጋ የሆነ ሰው ግን የመጀመሪያው የኔ ባል ሳይሆን አይቀርም።


ሰኞ

ክፋር አቭራሃም ሰፈር ነበርኩ፣ ሌስሊ ቤት። ሌስሊ በሥራዬ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝ የተወለዱ፣ ጉልበታቸው እንጂ ጭንቅላታቸው ያልደከመ። በዕብራይስጥ እንደ ማንም ሰው አንተ ነው የምላቸው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

መድኃኒታቸውን እየሰጠሁ ስለ ቅዳሜው ውድድር ጠየቅኳቸው። ክኒኑን ሳይውጡ ሳቁ። ለካ ልጅ እግር ሳሉ ፈረስ ሜዳ ላይ የአንድ አወራራጅ ሠራተኛ ነበሩ፤ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ሰሌዳውን እየጠረጉ በጠመኔ የሚጽፉ። ለምን ተዉት አልኳቸው። ትልልቁ ውድድር ሁሉ ቅዳሜ ስለሆነ ነው አሉ። አባታቸው ሰንበትን የሚሽር እጅ ገበታዬ ላይ አይቀርብም አሏቸው።

አስረዱኝ አልኳቸው። ባሌን በራሱ መንገድ ላሳፍረው ፈልጌ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንዲህ አሉ። ሦስት ፈረስ ብቻ ይሮጣል እንበል። አወራራጁ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዋጋ ሰጠ፤ አንድ ካስያዝሽ አንድ ትርፍ። በዚህ ዋጋ እያንዳንዱ ፈረስ ግማሽ ዕድል አለው ማለቱ ነው። ሦስት ግማሽ ስንት ነው? አንድ ተኩል አልኩ። ያሸነፈው ግን አንድ ነው አሉ፤ ግማሹ ከየት መጣ?

ለራሴ ስተረጉመው፣ አንድ ዳቦ ጋግሮ ለሦስት ሰው ግማሽ ግማሹን ሸጠ ማለት ነው። የሌለው ግማሽ የሱ ትርፍ ነው። በቅዳሜው ውድድር ላይ የሠላሳ ምናምኑን ዕድል ብትደምሪ ከአንድ ዳቦ ይተርፋል አሉ። በዚህ ዋጋ ሁሉንም ፈረስ ብትገዢ እንኳ ትከስሪያለሽ።

ማታ ለእንዳላማው ነገርኩት። ዳቦውን ጭምር። አዳመጠኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ምን አለ? «አወራራጁ ሰባት ቤት አይቆጥርማ።»

ሽራ ደወለች። ነገ አልኳት።


ማክሰኞ

ፈረሶቹ እኛ ቤት ስም ወጥቶላቸዋል። የእንግሊዝኛውን ስም ምላሱ እምቢ ስላለው ጎንደር እንዳሉ ፈረሶች በመልካቸው ይጠራቸዋል። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ፤ የቀሩትን በነውረኛነት ጥሏቸዋል።

ዳማ። ቀዩ ነው። ንጹሕ የተባለው እሱ ብቻ ነው። በአባቱም በእናቱም በኩል አንድም ስም አይደገምም። ዋጋው ሠላሳ ሦስት ለአንድ፣ አንድ ካስያዙ ሠላሳ ሦስት ትርፍ፤ ማንም አይፈልገውም።

ቦራ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። የአባቱ አያትና የእናቱ አያት አንድ ፈረስ ነው። ሁሉም የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው፤ ዋጋው አምስት ለአንድ።

እንዳላማው መኽሳን ውስጥም ምኩራብ በር ላይም ዳማ፣ ዳማ ሲል ከርሟል። ዘሩ የጠራ ፈረስ እግሩም የጠራ ነው ይላቸዋል። ሰዎቹም እሱ ያለው ብለው ዳማ ላይ አስያዙ። ሌላ ፈረስ መምረጥ እሱን መድፈር መስሏቸው ነው። ስንቱን ጎልማሳ ሰው በአንድ ፈረስ ጀርባ ላይ ጭኖታል።

የኔ ነገር ደግሞ፣ ስለሱ ስናደድ ቆይቼ ዛሬ ፎቶውን አሳየኝና ዳማን ወደድኩት። የፊቱ ርጋታ ደስ ይላል። ወዲያው በራሴ ተናደድኩ።

ኩፓት ሖሊም፣ ክሊኒካችን ማለቴ ነው፣ ሄጄ ለጉልበቴ ቀጠሮ ይዣለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ነው። የሰውም የፈረስም ነገር ወረፋ ነው።


ረቡዕ

ሽራ ደውላ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሥራ አወራችኝ፣ በሰደር፣ እሺ እንግዲህ፣ ብላ ዘጋች። ስለ ቆጠራው አልጠየቀችም። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጥያቄዋ ሲያንገበግበኝ ከርሞ ዛሬ ሲቀር ፈራሁ።

ሌስሊን ዋጋ ለምን ከፍና ዝቅ ይላል አልኳቸው። ስለ ፈረሱ አይደለም አሉ። ብዙ ሰው የፈለገው ፈረስ ዋጋው ይጠብባል፤ ያልፈለጉት ይሰፋል። ሰሌዳው ላይ የምታይው የፈረሱን ጉልበት አይደለም፤ የሰዉን ልብ ነው።

ታዲያ ማንም ያልፈለገውን መግዛት አያዋጣም ወይ አልኩ። ለዳማ ተከራከርኩ ማለት ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ትልቅ ትርፍ ማለም ይወዳል፤ አወራራጁም ያውቃል። ሠላሳ ሦስት ያለውን ፈረስ በእውነተኛ ዋጋው ቢያወጣው ስልሳ፣ ሰባም ሊሆን ይችላል። ሕልም ሁልጊዜ ከዋጋው በላይ ነው የሚሸጠው አሉ።

ደግሞ ስለ ዓርብ ነገሩኝ። እኛ ሰንበት የምናከብር ሰዎች ጀምበር ሳትጠልቅ ማስያዝ አለብን። ወሬው የሚመጣው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የቱ ፈረስ አነከሰ፣ የትኛው ሜዳ ረጠበ። ያን ጊዜ ዋጋው ይገለባበጣል፤ የኛ ሰው ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ይጸልያል። ሌስሊ በልጅነታቸው እንዲህ ያሉ ሰዎች ዓርብ ከሰዓት ተሸማቀው ሲመጡ ያዩ ነበር። አሠሪያቸው አወራራጅ በነሱ ደስ ይለው ነበር፤ እግዜርን የሚፈራ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም ይል ነበር።

አወራራጁ ራሱስ የቱን ፈረስ ይወዳል አልኳቸው። አወራራጅ የሚወደው ፈረስ የለውም አሉ። ከሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ አመቻችቶ፣ ማንም ቢያሸንፍ እሱ እንዳይነካ አድርጎ ይቀመጣል።


ሐሙስ

ተጣላን።

ከገበያው፣ ከሹኩ ስመለስ፣ ሽንኩርቱም ዓሣውም ከነዘንቢሉ ክንዴን ገንጥሎታል፣ እሱ ሳሎን ተቀምጦ የዳማን ሰባተኛ ቤት ይፈልጋል። ስልኩ እስከ ስድስት ነው የሚያሳየው፤ ሰባተኛውን ከሌላ ገጽ ይለቅማል። ሰባተኛው ላይ በአባቱ በኩል አንድ ስም ጠፋ።

ታዲያ ንጹሕ ነው ያልከው ምን አይተህ ነው አልኩት።

ስድስት ከጠራ ሰባተኛውን እግዜር ያውቃል አለኝ።

ይህን የሚለው እንዳላማው ነው። የስንቱን ልጅ እጮኝነት በሰባተኛው ቤት ያፈረሰ ሰው። ዘንቢሉን መሬት ላይ ጣልኩና አንቱ አልኩት። እኔ ባሌን አንቱ የምለው ስናደድ ነው፤ ያውቀዋል። «ለፈረስ ሲሆን ሰባተኛው ይታለፋል፣ አንቱ? ለልጅዎ ደግሞ አንደኛውም አልተጀመረ።»

ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ በረንዳ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፤ ዓሣውን አጥቤ እስክጨርስ እዚያው ነበር።

የተሰማኝን ልጻፈው፤ ማሸነፍ ነው የተሰማኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የሰውየው ጀርባ ደስ አላለኝም።

ሽራ ለሰንበት ትመጣለች። ብቻዋን ናት። ዮናታን ሥራ ይገባል አለችኝ፤ ሳልጠይቃት።


ዓርብ

ለሌስሊ ሾርባ አድርሻለሁ። ዳቦው ወጥቷል። ዓሣው በስሏል። የሽራ አልጋ አልተነጠፈም። ሻማ አለ።

ስልኮቹን መሳቢያ ላስገባ የሱን ሳነሣ ገጹ ክፍት ነው። ሌስሊ እንዳስተማሩኝ አነበብኩት። ሁለት መስመር ነው። አንዱ ዳማ ነው፤ ትንሽ ነገር ነው ያስያዘው። ሁለተኛው ቦራ ነው። ቦራ ላይ ያስያዘው ከዳማው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አገሩን ሁሉ ዳማ ላይ ጭኖ!

ከመታጠቢያ ቤት እየወጣ ነው። ሰንበት ሊገባ ነው፤ እጄም ዱቄት ነው።


ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ሽራ ሄዳለች። ዓርብ ካቆምኩበት ልቀጥል።

ነጭ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። ስልኩን አሳየሁትና ቦራን ለምን አልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን አንዴ ይቆልፋል፣ አንዴ ይፈታል።

«ቦራ ካሸነፈ» አለ።

ካሸነፈ ምን?

«ካሸነፈማ፣ ዘመድ ከዘመድ የወለደው ከበረታ፣ አባቶቻችን የፈሩትን ያህል አይደለም እላለሁ። ለራሴ እላለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ የቀረውን እሱ ጨመረልኝ። ከፋሲካ በፊት፣ የዮናታን አያት ስሞቹን በነገሩት ዕለት ቆጥሮ ጨርሷል። ሰባተኛው ቤት ላይ አንዲት ሴት አለች፤ ትርንጎ ትባላለች። የሱ ወገን ናት። ጎንደር፣ ሰሜን ውስጥ ወልዳ፣ ባሏ ሲሞት ተከዜን ተሻግራ ትግራይ አገባች፤ እዚያም ወለደች። ከመጀመሪያው ልጇ የኔ ሽራ መጣች፤ ከሁለተኛው ዮናታን። አንድ ቤት ራቅ ብላ ብትሆን ኖሮ እልል ብሎ ያጋባቸው ነበር።

አይሆንም ማለት አልቻለም፣ ልጁ ናት። ይሆናል ማለትም አልቻለም፣ በዚሁ በሰባተኛው ቤት የሰው ልጅ አስለቅሷል። ስለዚህ ፈረስ ቆጠረ። የእንግሊዝ ፈረስ ይፍረድልኝ አለ።

ልናገር አፌን ስከፍት ሽራ በሩን አንኳኳች። አበባ ይዛለች። ሻማ አበራሁ።

ሌሊቱንም ጠዋቱንም አፌ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ከምኩራብ ተመለሱ፣ በላን፣ ተኙ፣ ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ሽራ ብርቱካን እየላጠች ተቀምጣለች፤ እሱ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። የውድድሩ ሰዓት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። በሰው አገር ያሉ ፈረሶች አጥር እየዘለሉ ነው፤ የኔ ባል የልጁን ነገር ከነሱ ሊሰማ ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቃል። ዳማ ከሆነ አይሆንም ሊላት፤ ቦራ ከሆነ ይሆናል። ሌስሊ ያሉት አወራራጅ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጧል። ማንም ቢያሸንፍ እሱ እንዳይነካ።

ቤቴ ውስጥ አወራራጅ አልፈልግም፤ ፈረሱ ሳይገባ ንገራት አልኩት።

ሽራ ቀና አለች። እሱ በአማርኛ ቀስ እያለ ነገራት። ሁሉንም፤ ሰሜኑን፣ ተከዜውን፣ ሁለቱን ባሎች። ፈረሱን ግን አልነገራትም። እሷ ብርቱካኑን መላጥ አላቋረጠችም። ሲጨርስ በዕብራይስጥ መለሰችለት፤ አማርኛው የሴትዮዋ ስም ብቻ ነው። «ትርንጎን አውቃታለሁ፣ አባ።»

ፋሲካ ወር ሲቀረው፣ በፑሪም በዓል፣ የዮናታን ወገኖች ነግረዋታል። የዮናታን ሴት አያት ገና ስም በተለዋወጡበት ቀን ቆጥረው ደርሰውበታል። እነሱ ዘንድ ግን ሰባተኛው ላይ ከደረሰ ይበቃል፤ እኛ ዘንድ ነው ካላለፈ የማይሆነው። መርቀዋቸዋል። ለበጋው መጨረሻ አዳራሽ ተይዟል። የናታንያ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ በየቀኑ ምን ትጠይቂኝ ነበር አልኳት።

ወደኔ ሳይሆን ወደሱ ዞረች። «ምን እንደምትለኝ ለማየት። አይሆንም ብትለኝ እጣላሃለሁ፣ ይሆናል ብትለኝ አቅፍሃለሁ ብዬ ነበር። ዝም ትለኛለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

እሱ መሬት መሬት ያያል። እኔስ አልኩ፣ እኔ እናትሽን ለምን ደበቅሽኝ? ለኢማ የነገርኩት ነገር በነጋታው አባ ጋ ነው አለች። እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ አላቀለለልኝም። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ የሠርጓን ቀን ከኔ በፊት ለጎረቤት ነግራለች።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። ሰው ሲጠይቅህ፣ ቆጥሬያለሁ፣ ንጹሕ ነው በል አለችው። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ሰዎች በጎን እንዳያወሩብን ብቻ። እሱ ቀና አለና ንጹሕ አይደለም አለ። ሠርጌ ላይ አትመጣም ማለት ነው አለችው።

ሦስት ኮከብ ወጥቶ ሰንበት ሲያልቅ ቦርሳዋን ያዘች። የላጠችው ብርቱካን ሳይበላ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ስልኩን ከመሳቢያው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዳማ አልሮጠም። ጠዋት አነከሰና ከውድድሩ አወጡት፤ ያስያዘው ተመልሶለታል። ቦራ ገና ብዙ አጥር ሲቀረው ወደቀ፤ ፈረሱ ደኅና ነው ይላል። ያሸነፈው እዚህ ቤት ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ ሌላ ፈረስ ነው።

የሱስ ዘር እንዴት ነው አልኩት። አፌ አላርፍ አለኝ።

«ረሳሁት» አለ። የሰባት ትውልድ ሙታን ስም ይዞ የሚዞር ሰው።


እሁድ

ሌስሊ ውድድሩን ሳይጠይቁኝ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ሁሉንም አይደለም፤ የሚበቃውን ያህል። ገበያ ጥያቄ አይጠየቅም፣ ሚርያም አሉኝ፤ ማሬ የሚለው ስሜ ይከብዳቸዋል። ገበያ ዋጋ እንጂ መልስ የለውም። ደግሞ ወሬ ሁልጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ዋጋው ውስጥ ይገባል። አንቺ ሰማሁ ብለሽ ስትሮጪ ሌላው ገዝቶ ጨርሷል።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ። እኛ እጅ ላይ ሲደርስ ናታንያ በልቶ ጠጥቶ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ሶፍት ሰጠችኝ፤ የሽራን ዕድሜ የምታህል ናት። ይህም አናደደኝ።

እንዳላማው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። መኽሳን ውስጥ ዳማ ላይ ያስያዙት፣ ገንዘባችን ተመለሰ ብለው ሲስቁበት ውለዋል። ሳይበላ ተቀምጧል። እኔም አላቀረብኩለትም።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ከረሆቦት ነው፤ ድሮ የሚያውቀው ሰው፣ ዘውዱ ይባላል። ሴት ልጁ ታጭታለች፤ ይቆጠርልኝ ይላል። የኔ ሰውዬ ጆሮው ስለከበደው ስልኩን ጮክ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሁሉንም ሰማሁ። ሰላምታው አለቀ፣ ጤናው አለቀ። ከዚያ ዘውዱ፣ ያንተም ልጅ ልታገባ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ መቼም አንተ ቆጥረህ ነው፣ ከትግራዮቹ ጋር ንጹሕ ነው አይደል አለው።

ሽራ የለመነችው ቃል ይኸው መጣ። ወጥ ቤት በር ላይ ማንኪያ ይዤ ቆምኩ። ንጹሕ ነው በለው ብዬ በልቤ ለመንኩ፤ አይሆንም ብዬ ከልክያታለሁ ይል ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሁለቱም አፉ ላይ ሲመላለስ ያየሁ መሰለኝ።

«ቆጥሬያለሁ» አለ። «በሰባተኛው ቤት ይገናኛሉ። ሠርጉ በበጋው መጨረሻ ነው፤ ሁላችሁም መጥታችሁ ብሉ።»

ዘውዱ እንግዲህ እግዜር ያሳምረው ምናምን አለ። ስለ ልጁ ቆጠራ እደውላለሁ አለና ዘጋ። የሚደውል አይመስለኝም። ነገ ረሆቦት ያውቃል፣ ከነገ ወዲያ አሽዶድ። በሰባተኛው ቤት ያለያያቸው ሰዎችም ይሰማሉ። አንዷን አውቃታለሁ፤ እስካሁን አላገባችም። ምን እንደምትለን አላውቅም፤ ያለችውን ብትል ሐቋ ነው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለሽራ ደውዪላት አለኝ።

ራስህ ደውል አልኩት። አንቱ አላልኩትም።

መነጽሩን አድርጎ ቁጥሯን ፈለገ። እኔ እህሉን አቅርቤለት እዚህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። አንዴ ጠርቶ ዘጋ። አሁን ደግሞ ደውሏል። እየጠራ ነው።